ሒሳብ ደርሶኝ ኮድ መጻፍ ነው የምፈልገው፤ ልውጣ ወይስ ልቀጥል?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ፍሬሽማን ሳለሁ ሕልሜ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ነበር። ውጤቴ ትንሽ አነሰና ሒሳብ ዲፓርትመንት ተመደብኩ። ያን ሰሞን ዝም ብዬ ሳለቅስ ነበር። አሁን ማልቀሱን ትቻለሁ፤ ልቤ ግን አልተቀመጠም። ሒሳብ አልጠላም፤ እንዲያውም ከድሮም ጎበዝ ነኝ። የምጠላው መጨረሻውን ነው። ሰው ሁሉ ‹ሒሳብ ተምረሽ ጠመኔ ይዘሽ ልትቀሪ ነው› ይለኛል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ‹ውጪና እየከፈልኩልሽ የግል ኮሌጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ› ብሎኛል። የእሱ ደሞዝ ለራሱም እንደማይበቃው አውቃለሁ። እስካሁን የወሰድነው የፕሮግራሚንግ ኮርስ አንድ ነው፤ ሲ ፕላስ ፕላስ። የተፈተንነው በወረቀት ነው፤ የኮምፒውተር ላብ የገባነው ከስንት አንዴ ነው። ላፕቶፕ የለኝም። ከዩቲዩብ እያየሁ በስልኬ ፓይተን እሞካክራለሁ። ልውጣ ወይስ ልቀጥል? ብቀጥልስ በሒሳብ ዲግሪ ፕሮግራመር ብሎ የሚቀጥረኝ አለ? ጠዋት ማታ ‹አረጋግጪ› እየተባልን የምንጨነቅበት ነገርስ ለኮድ ምን ይረባኛል? በመጨረሻ፣ ወንድሜ ባልወጣም ያገለገለ ላፕቶፕ እገዛልሻለሁ ብሏል። ምን ዓይነት ይሁን?

ግራ የገባት የሒሳብ ተማሪ»

እህቴ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርሽ፤ አትውጪ።

ምክንያቴን ከመዘርዘሬ በፊት ግን ደስ የማይልሽን ላስቀድም። ጠመኔ ጠመኔ የሚሉሽ ሰዎች ከመሬት ተነስተው አይደለም። አገራችን ውስጥ ከሒሳብ ዲፓርትመንት የሚወጣ ተማሪ የተለመደው መንገዱ ማስተማር ነው። (ማስተማር በራሱ የሚያሳፍር ነገር ሆኖ አይደለም። አንቺንም እስከ 12ኛ ክፍል ያደረሰሽ ጠመኔ የያዘ ሰው ነው።) ዲፓርትመንትሽ ፕሮግራመር አድርጎ አያወጣሽም። ለዚያ አልተቋቋመም። አንድ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮርስ ወስደሻል፤ ወደፊት ኒውሜሪካል አናሊሲስ ይመጣል፤ እሱንም ብዙ ቦታ በካልኩሌተር ነው የሚያስጨርሱት። ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አራቱን ዓመት ጨርሶ ሲወጣ ቴዎረም እንጂ ኮድ ይዞ አይወጣም።

ታዲያ ለምን አትውጪ አልኩሽ? አንደኛ፣ ወንድምሽ ይባረክ፣ ግን ሐሳቡ ውድ ነው። ከአንደኛ ዓመት ትጀምሪያለሽ፤ እሱ ከማይበቃው ደሞዝ ላይ ለዓመታት ይከፍላል፤ አሁን ያለሽ ትምህርት፣ ዶርምና ካፌ ደግሞ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ አንድ ፕሮግራም ከባዶ ጽፎ የማያውቅ ምሩቅ ስንቱን አይተናል። የዲፓርትመንቱ ስም ኮድ አይጽፍም። ሦስተኛው ዋናው ነው። ፕሮግራሚንግ በራስ ጥረት መማር ይቻላል፤ እያደረግሽው ነው። ሊኒየር አልጀብራን፣ ነምበር ቲዮሪን፣ ፕሮባቢሊቲን ከዩቲዩብ ብቻ ተምሮ በደንብ የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ አላየሁም። መምህር፣ ሰሌዳ፣ አሳይመንት፣ ሌሊቱን አብሮሽ የሚሟገት የዶርም ጓደኛ ይፈልጋል። ያ ሁሉ አሁን እጅሽ ላይ ነው፤ ያውም ያለ ወርሃዊ ክፍያ።

ስለዚህ የምመክርሽ ሁለቱን ነገር ለየብቻ እንዳትይዣቸው ነው። ቀን ሒሳብ፣ ማታ ኮድ ካልሽ ሁለቱም ያደክሙሻል፤ ፈተና ሲደርስ ደግሞ ኮዱ ነው የሚጣለው። የምትወስጂውን ኮርስ ሁሉ ወደ ኮድ ቀይሪው። ነምበር ቲዮሪ ላይ ነሽ? የሳምንቱን ትምህርት በፓይተን ጻፊው። ሊኒየር አልጀብራ ነው? ማትሪክስ የሚያባዛ፣ ዲተርሚናንት የሚያወጣ ፕሮግራም ራስሽ ሥሪ። ከዚያ በኋላ ነው ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን ኮድ፣ ላይብረሪ የሚባለውን፣ የምትጠቀሚው።

ሐሳቡ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ሥራ ልስጥሽ። ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የበዓልና የጾም ቀን ማውጫ ስሌት፣ በኮድ ጻፊ።

ሃይማኖትሽ ምንም ይሁን፣ ለጊዜው እንደ ስሌት ብቻ እዪው። ነነዌ መቼ ትገባለች፣ ፋሲካ መቼ ይውላል የሚለውን ሊቃውንቱ ያለ ኮምፒውተር ሲያወጡት የኖሩት በማካፈልና ቀሪውን በመያዝ ነው። ነምበር ቲዮሪ ላይ ‹ሞዱሎ› ብለው የሚያስተምሩሽ ነገር ማለት ነው። 2018ን እንውሰድ። 5500 ስትደምሪበት ዓመተ ዓለሙ (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት) 7518 ይሆናል። ለ19 አካፍዪው፤ 13 ይቀራል። ከቀሪው 1 ቀንሺ፤ 12። ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ19 አባዢ፤ 228። ለ30 ስታካፍዪው የሚቀረው 18 መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ የሚባለው ቀን መስከረም ላይ ይውላል፤ ካነሰ ጥቅምት ላይ። ስለዚህ መስከረም 18። የዓመቱ መስከረም 1 ሐሙስ ስለሆነ 18 እሑድ ነው። እያንዳንዱ ቀን ተውሳክ የሚባል ቁጥር አለው፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6 እያለ ዓርብ 2 ላይ ያበቃል። 18 ላይ የእሑድን 7 ስትጨምሪ 25። በዓሉ መስከረም ላይ ከዋለ ነነዌን ከጥር፣ ጥቅምት ላይ ከዋለ ከየካቲት ትቆጥሪያለሽ፤ ስለዚህ ነነዌ ጥር 25 ገባች። ከዚያ 14 ቀን ቆጥረሽ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ከነነዌ 69 ቀን ቆጥረሽ ፋሲካ ሚያዝያ 4።

መስከረም 1 ምን ቀን እንደሚውልም ራሱ ስሌት ነው። ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍለሽ ድርሻውን ብቻ ያዢ፤ 1879። ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምሪው፤ 9397። ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል። ቀሪ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል። ቀሪ 0 ሰኞ ነው።

ይህን በፓይተን ለመጻፍ ሃያ መስመር ይበቃሻል። ጽፈሽ 2018ን ስታስገቢ ልክ ይመጣል። 2019ን ስታስገቢም ልክ ይመጣል፤ ነነዌ የካቲት 15። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ‹ሠራ!› ብሎ ላፕቶፑን ይዘጋል። አንቺ ግን የሒሳብ ተማሪ ነሽና ቆይ በዪ።

2005ን አስገቢ። ዓመተ ዓለሙ 7505 ነው። ለ19 እኩል ይካፈላል፤ ቀሪ 0። ከ0 ላይ 1 ስትቀንሺ ወንበርሽ -1 ሆነ። ፓይተን ዝም ብሎ ያባዛና መጥቅዕ 11 ነው ይልሻል። ያንኑ ኮድ በተማርሽው ሲ ፕላስ ፕላስ ብትጽፊው -19 ይሰጥሻል፤ ሁለቱ ቋንቋዎች የኔጌቲቭ ቁጥር ቀሪ ሲያወጡ አይስማሙም። ትክክለኛው ወንበር 18፣ መጥቅዑም 12 ነው። የሚገርመው ግን ፓይተን በተሳሳተው 11 ቢሄድም ነነዌን የካቲት 18 ብሎ በትክክል ያወጣታል! ጥቅምት 11 እሑድ ነው፣ 7 ሲጨመር 18። ጥቅምት 12 ሰኞ ነው፣ 6 ሲጨመር ያው 18። 2005 ላይ የመጨረሻውን መልስ ብቻ የሚያይ ሰው ስህተቱን አያገኘውም።

2006ን ደግሞ ሞክሪ። ወንበሩ 0 ነው፤ መጥቅዑም 0 ይመጣል። ኮድሽ ‹ከ14 ያንሳል› ብሎ ወደ ጥቅምት ይወስደዋል። ጥቅምት 0 የሚባል ቀን አለ እንዴ? ሊቃውንቱ ይህን አስቀድመው አስበውበታል፤ እንዲህ ሲሆን መጥቅዑ 30 ነው ይላሉ። መስከረም 30 ሐሙስ፣ ተውሳኩ 3፣ ድምሩ 33። ጥር 33 ስለሌለ 30ውን ትጥያለሽ፤ ነነዌ የካቲት 3። ይህን መንገድ ኮድሽ ውስጥ ካልጻፍሽለት ፕሮግራሙ ጥቅምት 0 የሚባል የሌለ ቀን ይዞ ይሄዳል።

አሁን ‹አረጋግጪ› ምን ይረባኛል ወዳልሽው እንምጣ። ወንበር ከ0 እስከ 18 ብቻ ነው። ስለዚህ መጥቅዕ ሊሆኑ የሚችሉት ቁጥሮች 19 ናቸው። 14 ከነሱ መካከል የለችም። ለዚህ ነው ‹ከ14 በላይ፣ ከ14 በታች› ብለው ‹እኩል ከሆነስ?› የሚለውን ሳይነኩ ያለፉት። ለምን የለችም? 19 በ19 ሲባዛ 361 ነው፤ ለ30 ሲካፈል 1 ይቀራል። ስለዚህ ከመጥቅዕ ወደ ወንበር መመለስ ከፈለግሽ መልሰሽ በ19 ማባዛት ነው። 14 በ19 266፤ ቀሪው 26። 26 የሚባል ወንበር ደግሞ የለም። አለቀ፤ ይሄ ማረጋገጫ ነው። 11ን በዚሁ መንገድ ብትመልሺው ወንበሩ 29 ይሆናል፤ እሱም የለም። ማለትም ፕሮግራምሽ 11 ያለሽ ጊዜ፣ የበዓሉን ቀን ሳታዪ፣ ካሌንደር ሳትገልጪ፣ ‹ይሄ ሊሆን የማይችል ቁጥር ነው› ማለት ትችያለሽ። ማስተካከያውም ቀላል ነው፤ ከዓመተ ዓለሙ ላይ አስቀድመሽ 1 ቀንሺና ከዚያ ለ19 አካፍዪ።

ሶፍትዌር ቤቶች ውስጥ ይህን የመሰለ ዓይን ያለው ሰው በመብራት ይፈለጋል። ኮድ ማስኬድ ብዙዎች ይችላሉ። የትኛው ግብዓት እንደሚጥለው አስቀድሞ ማየት ግን ልምምድ ይጠይቃል። እናንተ ማረጋገጫ ስትጽፉ ‹ኤን 0 ቢሆንስ? ኔጌቲቭ ቢሆንስ?› እየተባላችሁ የምትጨቀጨቁት ያንኑ ልምምድ ነው።

በነገራችን ላይ ያ ‹በ19 አባዝቶ መመለስ› ትንሽ ጨዋታ እንዳይመስልሽ። ሪቨስት፣ ሻሚር እና አድልማን የተባሉ ሦስት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1977 የሠሩት አርኤስኤ የተባለው የሚስጥር መቆለፊያ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ በአንድ ቁጥር ትቆልፊያለሽ፣ በተገላቢጦሹ ትከፍቻለሽ። ቁጥሮቹ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር አሃዝ አላቸው። በስልክሽ የባንክ መተግበሪያ ስትከፍቺ መልእክትሽን ከሰው ዓይን የሚጠብቀው ነገር የነምበር ቲዮሪ ዘመድ ነው።

ኒውሜሪካል አናሊሲስ ሲደርስሽ ደግሞ በካልኩሌተር ብቻ አትለፊው። ዛሬ ማታ ስልክሽ ላይ ፓይተን ከፍተሽ 0.1 + 0.2 ብለሽ ጻፊ። 0.3 አይልሽም፤ 0.30000000000000004 ነው የሚልሽ። ፓይተን ተበላሽቶ አይደለም። ኮምፒውተር ቁጥር የሚይዘው በ0 እና በ1 ነው፤ አንድ አስረኛ ደግሞ በዚያ አጻጻፍ ማለቂያ የለውም፤ እኛ አንድ ሦስተኛን 0.333 እያልን ሳንጨርሰው እንደምንቀር። አንድ ቦታ ላይ መቆረጥ አለበት። ቁራጩ ኢምንት ነው። ግን ይጠራቀማል።

ሲጠራቀም ምን እንደሚያደርግ የታየው በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ነው። የካቲት 18 ቀን 1983 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን ላይ የነበረ የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል ሥርዓት ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አስረኛ ነበር። አስረኛዋ በ24 ቢት (በ24 የ0 እና የ1 አሃዝ) ተቆርጣ ነው የተያዘችው። ማሽኑ 100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ሲሠራ ስህተቱ ተጠራቅሞ ወደ 0.34 ሰከንድ ደረሰ። ለእኛ ዓይን ጥቅሻ ነው። ስከድ ሚሳይል ግን በዚያች ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ሥርዓቱ የተሳሳተ ቦታ ፈልጎ አጣው፤ ሚሳይሉ ካምፕ ላይ ወድቆ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ‹ኤረር አናሊሲስ› የሚለው አሰልቺ ምዕራፍ ስለዚህ ነው የሚያወራው። የገንዘብ ሥርዓት ላይ ብትሠሪም ያው ነው፤ ሳንቲምን በነጥብ ቁጥር የሚይዝ ፕሮግራም አንድ ቀን ሒሳቡ አልገጥም ይለዋል።

አንድ ሌላ ቦታም ልጠቁምሽ። ፕሮጀክት ኦይለር የሚባል በነጻ የሚገኝ የጥያቄዎች ስብስብ አለ፤ ልክ ላንቺ ዓይነት ሰው የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ከ1000 በታች ያሉትንና ለ3 ወይም ለ5 የሚካፈሉትን ቁጥሮች ደምሪ ይላል። በሉፕ (ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየደጋገመ በሚፈትሽ ኮድ) ወዲያው ይወጣል። አሁን 1000ን ትተሽ 1 ብለሽ 18 ዜሮ አስከትዪበት። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ቁጥር የሚፈትሽ ማሽን ቢኖርሽ እንኳ ሉፑ 31 ዓመት ይፈጅበታል። የ3ን ብዜቶች ድምር፣ ሲደመር የ5ን፣ ሲቀነስ የ15ን፤ ሦስቱንም በዚያ በሁለተኛ ደረጃ በተማርሽው የተከታታይ ቁጥሮች ድምር ቀመር ካወጣሽ ግን እንተር ከመጫንሽ ይጨርሳል። ሃያ ሠላሳ ጥያቄ ሠርተሽ ስታዪው ሒሳቡና ኮዱ የት ላይ እንደሚገናኙ እኔ ከምነግርሽ በላይ ይገባሻል።

ቋንቋን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። በፓይተን ቀጥዪ። ሲ ፕላስ ፕላሱን አትጣዪው፤ በወረቀት ተፈትነሽ ያለፍሽውን አሁን በማሽን አስኪጂው። በየወሩ ‹አዲሱ ቋንቋ መጣ› እየተባለ የሚወራውን አትከተዪ።

ዲፓርትመንትሽ የማይሰጥሽ ግን ሥራ ላይ የሚጠየቅ ነገር አለ፤ እሱን በግልሽ ሙዪው። ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም ዋናው ነው። ቻልሽ ከኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል መምህሩን አስፈቅደሽ ቁጭ ብለሽ አዳምጪ፤ ብዙዎቹ እምቢ አይሉም። ቀጥሎ ዳታቤዝ፣ በተለይ መረጃ የሚጠየቅበት ቋንቋ ኤስኪውኤል። ከዚያ የኮድ ለውጥን የሚመዘግበው ጊት። የጻፍሽውን ሁሉ ሌላ ሰው ሊያየው በሚችልበት ጊትሀብ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጪ፤ ባሕረ ሐሳቡንም ጭምር። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠናም ነጻ ስለሆነ ውሰጂው። ሰርተፊኬቱ ብቻውን ሥራ ያስገኝልኛል ብለሽ ግን አትጠብቂ፤ ያው ሰርተፊኬት ያለው ሰው ብዙ ነው። ኤአይንም ተጠቀሚ፤ ኮዱን እንዲጽፍልሽ ሳይሆን አንቺ የጻፍሽው ለምን እንደወደቀ እንዲያስረዳሽ። ባሕረ ሐሳብ ጻፍልኝ ብትዪው ይጽፍልሻል። 2005 ላይ ልክ መሆን አለመሆኑን የምታዪው ግን አንቺ ነሽ።

የሚቀጥረኝ አለ ወይ? እውነቱን ልንገርሽ። አንዳንድ ማስታወቂያ ‹ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ› ብሎ ይዘጋዋል፤ የሰው ኃይል ክፍሉም ዲግሪሽን አይቶ ፋይልሽን ወደ ጎን ያደርገዋል። ያናድዳል፤ ግን አለ። ‹ወይም ተመሳሳይ የትምህርት መስክ› የሚለው ላይ ግን ሳታመነቺ አመልክቺ። ባንክ፣ ኢንሹራንስና ቴሌኮም የዳታ ሥራ አላቸው፤ እዚያ ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ የገባው፣ ኤስኪውኤልና ፓይተን የሚችል ሰው ዲግሪው ሒሳብ በመሆኑ አይጎዳም። ትንንሽ የሶፍትዌር ድርጅቶችና የርቀት ሥራ ሰጪዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፈተና ሰጥተው ነው የሚያዩሽ። የፈተናው ጥያቄ የአልጎሪዝም ነው። አልጎሪዝም ደግሞ የሰፈርሽ ነገር ነው።

ሲቪሽ ላይ ‹ቢኤስሲ በሒሳብ› ብለሽ ብቻ አትተዪው። ከሥሩ የሠራሻቸውን ሦስት አራት ነገሮች ከነማስፈንጠሪያቸው ጻፊ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስሽንም አሁኑኑ አስቢበት። ብዙ ተማሪ ከመጽሐፍ ገልብጦ የሚያስረክበውን ወረቀት አንቺ ኮድ ያለበት አድርጊው፤ የአውቶቡስ ስምሪት በሊኒየር ፕሮግራሚንግ ወይም የወረርሽኝ ስርጭት በዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ሊሆን ይችላል። አማካሪ ስትመርጪ ኮምፒውተሩ ላይ አቧራ የሌለበትን መምህር ፈልጊ። በየዲፓርትመንቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም።

ከዲግሪው በኋላም መንገዱ አይዘጋም። አይምስ የሚባለው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2003 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተመሥርቶ በኋላ ወደ ሴኔጋል፣ ጋና፣ ካሜሩንና ሩዋንዳ ሰፍቷል። ተወዳድሮ ያለፈውን ሙሉ ወጪውን ሸፍኖ በማስተርስ ያስተምራል። ሴቶች እንዲያመለክቱም በተለይ ያበረታታል። ፓይተን እዚያ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነው፤ አንቺ ተለማምደሽ ትሄጃለሽ። ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው አይሲቲፒም ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ትምህርት በሒሳብ ይሰጣል። ለሁለቱም የሚያስፈልግሽ ጥሩ ውጤትና በስም የሚያውቅሽ መምህር ነው። ስለዚህ ኮድ አገኘሁ ብለሽ ሪል አናሊሲስን በዲ እንዳታልፊው። የመውጫ ፈተናውንም አትርሺ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ እሱን ሳያልፉ ዲግሪ የለም፤ የምትፈተኚው ደግሞ በሒሳብ እንጂ በፓይተን አይደለም።

የሶፍትዌር ልጅ አይደለሁም የሚለው ስሜት ሲመጣብሽ ደግሞ ይህን አስቢ። የመጀመሪያ ከሚባሉት ኮምፓይለሮች (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች) አንዱን የሠራችው ግሬስ ሆፐር ዶክትሬቷ በሒሳብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1934 ከዬል። አፖሎን ጨረቃ ላይ ያሳረፈውን የበረራ ሶፍትዌር ቡድን የመራችው ማርጋሬት ሃሚልተንም የተመረቀችው በሒሳብ ነው። ያኔ የሶፍትዌር ዲፓርትመንት የሚባል ስላልነበረ ነው ብትዪኝ፣ ልክ ነሽ። ሥራውን ግን ሠርተውታል።

ወንድምሽን ‹የኮሌጁን ክፍያ ተወውና ላፕቶፑን ግዛልኝ› በዪው። እስኪገዛ ድረስ ስልክሽ ላይ ፓይድሮይድን ጫኚ፤ ያለ ኢንተርኔት ፓይተን ያስኬዳል። የግቢ ዋይፋይ ሲኖር ደግሞ ጉግል ኮላብ በብሮውዘር ይከፈታል። የስልክ ኪቦርድ ላይ ኮድ መጻፍ ያማርራል፤ በኦቲጂ ገመድ (ስልክን ከዩኤስቢ ዕቃ ጋር በሚያገናኘው) ተራ የኮምፒውተር ኪቦርድ ስልክሽ ላይ መሰካት ትችያለሽ።

ላፕቶፑ ውድ መሆን የለበትም። የጌም ማሽን አትፈልጊም። ኮር አይ 5 ይበቃል፤ ራሙ 8 ጊጋ ይሁን፤ ሃርድ ዲስኩ ግን የግድ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት መሆን አለበት። 4 ጊጋ ራም ያለውን ‹በኋላ ትጨምሪበታለሽ› ቢሉሽ መጨመሪያ ቦታ እንዳለው ከፍተው ያሳዩሽ። ከቢሮ የወጡ ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድና ኤሊትቡክ ጠንካራ ናቸው፤ መለዋወጫቸውም አይጠፋም። ዊንዶውሱ ከከበደው ኡቡንቱ ጫኚበት፤ ነጻ ነው። ስትገዢ የኪቦርዱን እያንዳንዱን ፊደል ተጭነሽ እዪ፤ ዋይፋዩን አገናኚ፤ ዩኤስቢዎቹ ላይ ፍላሽ ሰኪ። ሻጩ ‹ባትሪው አዲስ ነው› ሲልሽ ቻርጀሩን ንቀዪና እዚያው ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለሽ ዩቲዩብ እዪበት። ብሩ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው።